የሁለተኛው ሚስማር ተራ

መስከረም 22

ይድረስ በሩቅ አገር ላለኸው ለእናቴ ወንድም፣ ለጋሼ፤

ናፍቆቴን የያዘ ሰላምታዬ ካለህበት ይግባልኝ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። እማዬም አለች፤ "አለሁ በይው" ብላሃለች። የቀረውን ግን እኔ ልንገርህ፣ እሷ አትነግርህም።

ለምን በስልክ እንዳልነገርኩህ ታውቃለህ። ስልክ ሳነሳ እማዬ ጆሮዋን ከጆሮዬ ጋር ትለጥፋለች። አንተ ደግሞ "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" ብለህ ትዘጋዋለህ። ስለዚህ ይኸው እንደ ድሮ ሰው ወረቀት ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። ገንዘብ ልትጠይቀኝ ነው ብለህ አትደንግጥ፣ ገንዘብ አይደለም።

የእማዬ ስኳር ሌሊት ሌሊት መውረድ ጀምሯል። ቀን ምንም አትሆንም፣ እንዲያውም ሰው ትቆጣለች። ባለፈው ከጉዞ ስመለስ ግን የወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ መሬት ተቀምጣ አገኘኋት። የስኳር ጣሳው ጭኗ ላይ ክፍቱን፣ እጇ ሁሉ ስኳር። "ምን ሆነሽ ነው?" ስላት "ምንም፣ ጣፋጭ አማረኝ" አለችኝ። ሐኪሟ ሌሊት አጠገቧ ሰው እንዳይጠፋ ብሎ ቁርጡን ነግሮኛል። ያ ሰው እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ሌሊቱን መሪ ጨብጬ ነው የማድረው።

የግቢያችን አሠራር አንተ እንደተውከው ነው። ሳንቃው ዛሬም ከስምሪት ክፍሉ መስኮት አጠገብ አለ። የየሾፌሩ ስም የተጻፈበት ቆርቆሮ እንደ አገልግሎቱ ዘመን ከላይ እስከ ታች በየሚስማሩ ተንጠልጥሏል። ከሰዓት በኋላ የቀጣዩ ጭነት ሲታወቅ ከመጀመሪያው ሚስማር ጀምሮ ይጠራል፣ የተጠራው የሚፈልገውን ጉዞ ያነሳል። አሥረኛው ላይ ሲደረስ የቀን ጉዞ ያልቃል። ከዚያ በታች ላለነው የሚተርፈን የሌሊቱ ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛዋ ነኝ። ከእኔ በላይ አሥራ አንደኛው ላይ ጡሩምባ አለ። አታውቀውም፣ አንተ ከሄድክ በኋላ የመጣ ነው፤ ስሙን ያወጣንለት አፉ ስለማያርፍ ነው።

ተራዬን ልዝለል አላልኩም። መሪ ያስጨበጥከኝ አንተ ነህ፣ ተራ ምን እንደሆነም ካንተ ነው የተማርኩት። የማይዋጥልኝ ሌላ ነገር አለ፣ እሱን ለመጻፍ ግን እጄን ይይዘኛል። ለአሁኑ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ስትሄድ ቆርቆሮህን ሁለተኛው ሚስማር ላይ ትተኸዋል። ሰዎቹን ምን ብለሃቸው ነበር የሄድከው? በራስህ አፍ ንገረኝ።

የእህትህ ልጅ

---

ጥቅምት 19

ለእልኸኛዋ የእህቴ ልጅ፤

እንደምን ከርመሻል? ቤቱ፣ ጎረቤቱ፣ መኪናሽ ሁሉ ሰላም ነው? እኔ ደህና ነኝ። ይኸው ጻፍኩት፣ ደስ ይበልሽ።

 ጣፋጭ አማረኝ አለችሽ? አይ እትዬ! ልጅ ሆነን እግሯን ሚስማር ወግቷት "አሳከከኝ" ያለች ሴት ናት። አሁኑኑ ሌሊት ሌሊት አብራት የምታድር ሴት ቅጠሪ። ወጪው የእኔ ነው፤ መልስ አልፈልግም።

የጠየቅሽኝን ልንገርሽ። ከእኛ በፊት የቀን ጉዞ የሚያገኘው የአለቃውን መኪና የሚያጥብ፣ የአለቃውን ቀልድ ሰምቶ ሆዱን ይዞ የሚስቅ ነበር። እኔ መሳቅ አልችልበትም፣ ስለዚህ ሌሊት ለሌሊት ነበር ኑሮዬ። ሳንቃውን ያቆምነው እኔና ጋሽ ፍሬን ነን። የመኪኖቹን ቁልፍ ሰብስበን፣ ግቢው መሐል ተቀምጠን፣ ጭነቱ ፀሐይ ላይ ሲውል ነው አለቆቹ የሰሙን። ያኔ ሁላችንም በገባንበት ቀን ቅደም ተከተል ሚስማር መታን። እሱ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ።

ስሄድ ሾፌሮቹ "የዳገት ሚስማር አይነካም፣ ተመልሶ ይመጣል" አሉ። ዳገት ያሉኝ አቀበት ላይ ማርሽ ስለማልቀንስ ነው፤ ሞተር ገዳይ ነበርኩ ማለት ነው፣ ስሙ ግን ያምራል። እኔም "እስክመለስ ተራዬ ባዶ አይሁን፣ በዕለቱ ችግር ለገጠመው ሰው ስጡት" አልኳቸው። ይኸው ነው ያልኩት።

እንግዲህ ችግሩ ያንቺን ቤት አንኳኳ። ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? በዚሁ ፖስታ ለጋሽ ፍሬን የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት አለ። "ተራዬን ለእህቴ ልጅ ስጧት" ይላል። ስጪውና ከነገ ጀምሮ ቀን ንጂ። እትዬም ብቻዋን አታድርም።

ቆርቆሮዬን ግን አቧራውን ጥረጊልኝ። መመለሴ አይቀርም።

አጎትሽ

---

ኅዳር 11

ይድረስ ለውድ ጋሼ፤

ደጅህ ሰላም፣ መንገድህ የቀና ይሁን። ደብዳቤህ ሲደርስ እማዬ ፖስታውን እያገላበጠች "እጁ አልተንቀጠቀጠም፣ ደህና ነው" አለች። 

ብጣሽ ወረቀቱን ለጋሽ ፍሬን አልሰጠሁትም። ይኸው እዚህ ውስጥ ታገኘዋለህ።

ሚስማርህ ምን እንደሆነ ልንገርህ። አዲስ የስምሪት ኃላፊ ከመጣ ወዲህ በየቀኑ ሁለተኛው ሚስማር ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርግና "ይህ የጋሽ ዳገት ተራ ነው፣ ለችግረኛ" ይላል። ችግረኛውን የሚመርጠው እሱ ነው። ችግረኛ ማለት የእሱን ልጆች ከትምህርት ቤት የሚያመላልስ፣ ለራሱ የሚያሠራው ቤት ድረስ አሸዋ የሚያራግፍለት ማለት ሆኗል። ባለፈው አንዱ ጥርሱን አሞታል ተብሎ ሳምንቱን ሙሉ ቀን ነዳ። ጋሼ፣ ጥርሱን እያሳየን ሲስቅ ነው የከረመው!

ሁሉም ያያል፣ ማንም አይናገርም። ሻይ ቤት ስንቀመጥ ያጉረመርማሉ፤ "ታዲያ ለምን አይነቀልም?" ስል ሁሉም ብርጭቆው ውስጥ ያያል። "የዳገትን ሚስማር ማን ይነካል? ቢሰማ ምን ይለናል?" ይላሉ። አንተን አከበርን ብለው አፋቸውን ለጉመዋል፤ ሰውዬው ደግሞ በስምህ ይነግዳል። መጀመሪያ ልጽፍልህ ያልቻልኩት ይህን ነው።

አንድ ቀን እኔም ቢሮው ገብቼ ነበር። የእማዬን ሕመም ጠቅሼ ሳልጨርስ "አንቺማ የጋሽ ዳገት ቤተሰብ ነሽ፣ ማታ ማታ እየመጣሽ ችግርሽን ብታስረጂኝ ምን ገዶኝ" አለኝ። ቁልፌን ይዤ ወጣሁ። ደግሜ አልገባም።

ያዘዝከኝን ሴት ቀጥሬ ነበር። ከእማዬ ይልቅ እሷ ናት የምትተኛው፤ እማዬ ሌሊት ተነስታ ብርድ ልብስ ደረበችላት። አሰናበትኳት። አሁን ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ የምትችለውን ያህል ብቅ እያለች ታያታለች።

ችግር ቤትሽን አንኳኳ ትለኛለህ። አዎ፣ አንኳኳ። ግን የጡሩምባ ሚስት መንታ ወልዳ ብቻዋን ነው የምታድረው። አሥራ ሦስተኛው ላይ ያለው ሰውዬ ከፊት ለፊት የሚመጣ መብራት ዓይኑን እያጠፋው ነው፤ ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል፣ ላንተ ብቻ ነው። የእኔ እናት ከእነዚህ ትበልጣለች ብሎ ማን ይፍረድ? እኔ ከፈረድኩማ ትበልጣለች! ለዚህ እኮ ነው ሚስማር የመታችሁት። ማንም የማንንም ችግር ቁጭ ብሎ እንዳይመዝን።

የምፈልገውን ልንገርህ፣ ከዚያ ተቆጣኝ። "ቆርቆሮዬን አውርዱ" ብለህ ጻፍላቸው። ሚስማሩ ይነቀል፣ ሁሉም አንድ አንድ ከፍ ይበል። ወደ ቀን የሚገባው ጡሩምባ ነው። እኔ አሥራ አንደኛ ነው የምሆነው፣ ያው ሌሊት ነው፤ ለራሷ ብላ ነው እንዳትለኝ። ጋሽ ፍሬን ሰኔ መጨረሻ ጡረታ ይወጣል፣ ያኔ የእኔ ይደርሳል። በደንቡ ይደርሳል።

እማዬ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አታውቅም። ከሥራ ስገባ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ "የወንድሜ ቆርቆሮ አለ?" ትላለች። "አለ" እላታለሁ። "እንግዲያው ይመጣል" ትልና ፊቷ ይፈታል።

አክባሪህ የእህትህ ልጅ

---

ታኅሣሥ 16

ደብዳቤሽ ደርሶኛል።

እዚያ ሳንቃ ላይ ያለችው ሚስማር የተመታችው በእጄ ነው። ሌባ ተጠቀመበት ተብሎ የባለቤቱ ቤት ይፈርሳል? ሌባውን ያዙ! ስንት ሾፌር ባለበት ግቢ አንድ የስምሪት ኃላፊ ማስቆም አቅቷችሁ የእኔን ቦታ ልትነቅሉ ነው? ስሞት ንቀሉት።

ገንዘብ ልኬያለሁ። የማትተኛ ሴት ፈልጊ።

---

ጥር 8

ይድረስ ለጋሼ፤

ሰላም ሳትል ብትጽፍም እኔ ሰላም ልበልህ። ጤና ይስጥህ፣ ቁጣህንም ያብርድልህ።

ቁርጥራጭ ደብዳቤህ የመጣው እኔ መንገድ ላይ እያለሁ ነው። እማዬ ፖስታው ሲቀልላት ጠረጠረች። ለልብስ ሰፊዋ ሰጥታ አስነበበችው። "ሚስማሩ ለምን ይነቀላል?" ብላ ኅዳር የጻፍኩልህን ረቂቅ ከመሳቢያዬ አውጥታ እሱንም አስነበበችው። ከጉዞ ስገባ ሁለቱም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ልብስ ሰፊዋ መሬት መሬት ታያለች፣ እማዬ እኔን።

"ተቀመጪና ጻፊ፣ አንዲት ቃል እንዳታሳምሪ" አለችኝ። እንደወረደ ይኸው።

"አንተ ልጅ! እናታችን ስትሞት እኔ ጉያ ውስጥ ያደግኸው አንተ ነህ እንጂ ሚስማር አይደለም። ቆርቆሮው አለ ሲሉኝ ይመጣል እያልኩ ኖሬያለሁ። እዚያ ቆርቆሮ ሥር ሰው ይበደላል ካሉኝ ግን አልፈልገውም፣ በአፍንጫዬ ይውጣ። ልትመጣ ከሆነ ና። የማትመጣም ከሆነ አልመጣም በለኝ። አለቅስና ይወጣልኛል፣ ሳለቅስ የመጀመሪያዬ አይደለም። ደግሞ በእኔ ሕመም ተራ እንዳትለምንላት። ልጄ የሌላውን ተራ በልታ አጠገቤ ብትተኛ እኔ እንቅልፍ አይወስደኝም። ልብስ ትለብሳለህ ወይ? ብርዱን ተጠንቀቅ።"

ከዚያ አለቀሰች። አላባበልኳትም፣ አብሬያት አለቀስኩ፤ ልብስ ሰፊዋም አጀበችን።

ሌባውን ያዙ ትለኛለህ። የያዝነው አንተን ነው ጋሼ፤ ሰውዬው ከአንተ ስም ጀርባ ነው የቆመው። እንነሳ ባልን ቁጥር "የጋሽ ዳገት ቃል ነው፣ እናንተ ልትሽሩ ነው?" ይለናል። ቃሉን መሻር የምትችለው አንተ ብቻ ነህ። መልስህን እስከ የካቲት መጨረሻ እጠብቃለሁ። ካልመጣ ግን ሾፌሮቹን ሰብስቤ፣ ሳንቃው ፊት ቆሜ፣ የእህቱ ልጅ ነኝ ብዬ እናገራለሁ። ብትቀየመኝም እናገራለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ያንተን ሥራ በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን አጫውተኸን አታውቅም። እዚያ ስንተኛ ነህ?

የእህትህ ልጅ

---

የካቲት 20

ለእህቴ ልጅ፣ ለእትዬም አንብቢላት፤

ሁለታችሁንም ከነቁጣችሁ ሰላም እላችኋለሁ። የእትዬን ቃል ደጋግሜ አነበብኩት። አዎ እትዬ፣ ልብስ እለብሳለሁ።

ስንተኛ ነህ አልሽኝ። መጨረሻ ነኝ።

እዚህ ስመጣ የነበረኝ የአገልግሎት ዘመን ዋጋ የለውም ተባልኩ፣ ከታች ጀመርኩ። መሐል ላይ ስደርስ ያ ድርጅት ተዘጋ። ሌላው ሲቀጥረኝ የገባሁበትን ቀን ብቻ ነው ያየው፣ እንደገና ከታች። ከእኔ በላይ ያለችው ልጄ የምትሆን ናት። ቀድማኝ ስትመርጥ "ይቅርታ አባባ" ትለኛለች። ይቅርታ የሚያስብላት ነገር የለም፣ ቀድማኝ ገብታለች። ስለዚህ በዚህ ዕድሜዬ ሌሊት የምነዳው እኔ ነኝ። ስትደውሉ ቶሎ የምዘጋውም ጠልቻችሁ አይደለም፣ እናንተ የምትደውሉት እኔ ልተኛ ስል ነው።

ያ ቆርቆሮ ለምን እንደሚያንገበግበኝ አሁን ይግባሽ። እዚህ ስሜን አስተካክሎ የሚጠራኝ የለም። መንገድ ላይ ሲደክመኝ "እኔ እኮ እዚያ ሁለተኛ ነኝ" እላለሁ፣ ለራሴ፣ ጮክ ብዬ። በዓለም ላይ ቦታ ያለኝ እዚያች ሳንቃ ላይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ንቀሉት ስትዪኝ ከቤት ያባረርሽኝ ያህል ነው የተሰማኝ። ለዚያ ነው የጮኽኩት።

ነገር ግን እኔ እዚህ ታች ሆኜ አንድ ባዶ ሚስማር ከላዬ ቢንጠለጠልና አለቃዬ ለሚወደው እየቆረሰ ቢሰጠው ምን እንደምል አውቃለሁ። ፒንሳ ይዤ ነበር የምሄደው። አንቺ እስከ ዛሬ በብዕር መለመንሽ ትዕግሥት ነው፣ በእኔ አልወጣሽም።

እትዬ፣ ሾፌር ሆኜ አልመለስም። ወገቤም አይፈቅድም። ይህን ለመጻፍ ሦስት ብዕር ቀየርኩ፣ አሁን ተጻፈ።

በፖስታው ውስጥ ያለው ሌላው ወረቀት ለሾፌሮቹ ሁሉ ነው። ጋሽ ፍሬን ያንብበው፣ ሚስማሩንም እሱ ይንቀለው።

አጎትሽ

---

መጋቢት 14

ይድረስ ለውድ ጋሼ፤

ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥህ፣ ሌሊቱንም ያቅልልህ። እማዬ ግንባርህን ስማሃለች።

ተፈጽሟል። ከሰዓት በኋላ ጭነት ሊጠራ ሁላችንም በቆምንበት ጋሽ ፍሬን መነጽሩን አድርጎ አነበበው። እሱ ንባብም ላይ እንደ መንዳቱ ነው፣ በየመስመሩ ይቆማል። "ችግር ላለው ስጡ ያልኩት በቅን ነበር፤ ችግሩን ማን ይመዝናል ብዬ አላሰብኩም። ተራዬን ለማንም አላወርስም፣ ለእህቴ ልጅም ቢሆን። ሁላችሁም ከፍ በሉ" የሚለው ጋ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ። ጡሩምባ እንኳ ዝም አለ፣ አስበው!

የስምሪት ኃላፊው በመስኮቱ ብቅ ብሎ "እንዲህ ያለ ነገር መጀመሪያ ለአስተዳደር መቅረብ አለበት" አለ።

ጋሽ ፍሬን ዞሮም አላየው። "ስንመታው አስተዳደር መዶሻ አላቀበለንም" አለና ፒንሳውን አነሳ። አወይ ሚስማር! ዝጎ ከእንጨቱ ጋር ተጣብቋል፤ ሰውዬው በላብ ተጠመቀ፣ እኛ ስናግዘው እየገፋን ነበር የምናስቸግረው። ከወጣ በኋላ አንድ በአንድ እየሄድን ቆርቆሯችንን ከፍ አደረግን። የሚሰማው የቆርቆሮው ድምፅ ብቻ ነው።

ኃላፊው ግን አልተኛም። ጥሪው እኔ ጋ ሲደርስ ፈገግ ብሎ "ለጋሽ ዳገት ክብር ስንል ይህን ወር እሷ ቀን ብትነዳ የሚቃወም አለ?" አለ። ማንም አልተቃወመም፣ እንዲያውም አጨበጨቡ። ጋሼ፣ አፌ ላይ "እሺ" የሚለው ቃል ደርሶ ነበር። እማዬ መሬት ላይ ተቀምጣ ታየችኝ። "እኔ እቃወማለሁ" አልኩ። የሌሊቱን ጭነት ወረቀት ወስጄ ወጣሁ።

ጡሩምባ መኪናዬ ድረስ ተከትሎኝ "የእኔን ቀን ውሰጂ፣ እንቀያየር" አለኝ። "ሂድና መንታዎችህን እቀፍ" አልኩት። ዓይኑ እንባ ሞላ፣ ከዚያ ያው ማውራት ጀመረ።

እስከ ሰኔ መጨረሻ እንደምንም መቆየት አለብን። ልብስ ሰፊዋ እስከ ግንቦት አጋማሽ እኛ ቤት አዳሪ ልትሆን ቃል ገብታለች፤ ከዚያ ልጇ ስለምትወልድ ወደ እሷ ትሄዳለች። ከዚያ እስከ ጋሽ ፍሬን ጡረታ ያለውን እንዴት እንደማደርገው አላውቅም። ፈራሁ፣ አልዋሽህም። ተራዬን ግን አልሸጥኩም።

ያንተው የእህትህ ልጅ

---

ሚያዝያ 5

ለሁለቱ የቤቴ ሴቶች፤

ሰላማችሁ ይብዛ፣ ደጃችሁ ሰው አይጣ።

"እኔ እቃወማለሁ" ያልሽበትን ቦታ ለዚያች ከላዬ ላለችው ልጅ በምልክትም በአፍም አስረዳኋት። "የእኔ ልጅ ናት" አልኳት። ውሸት ነው? አይደለም።

አሁን ስሙኝ። እዚህ የዓመት ፈቃድም በተራ ነው የሚመረጠው። ሁሉም ፀሐይ ያለበትን፣ የልጆቻቸው ትምህርት የሚዘጋበትን ወር ወሰዱ። አለቃዬ የእትዬን መታመም ሰምቶ "የፈለግከውን ወር ንገረኝ፣ እናስቀድምሃለን" አለኝ። አመስግኜ እምቢ አልኩት። ከታች ቆሜ ጠበቅኩ። ሁሉም አንስተው ሲጨርሱ ጠረጴዛው ላይ አንድ ፈቃድ ቀረ፣ ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ መጨረሻ። የሥራ ብዛት ስለሆነ ማንም አይፈልገውም። እሱን አነሳሁ።

አልጋዬን እትዬ ክፍል ውስጥ ዘርጉልኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ የሚያድር ጠባቂ ፈልገሽ አልነበር? በሙያው የሠለጠነ፣ ሲነጋ ብቻ የሚያንቀላፋ ሰው አለሽ። አንቺ ጭነትሽን ይዘሽ ንጂ፣ ዓይንሽን መንገድሽ ላይ አድርጊ።

ለእትዬ እንዲህ በያት፦ ወንድምሽ እየመጣ ነው፣ ማንንም አልዘለለም፣ ተራው ደርሶ ነው።